ፕሮግራሚንግን በቶኒ መጀመር፦ ከመጫን እስከ ዲበግ፣ ጅማ ላለ ጀማሪ

ፓይተን እዚህ የምንማረው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፤ ለመጀመሪያው ወር የሚያስፈልጉት ቃላቱ ከአሥር ብዙም አይበልጡም። ጀማሪውን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፦ «ራን» (አስኪደው) ካለ በኋላ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነውን አያየውም። መልሱ ሲሳሳት የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳተ ስለማያውቅ ይገምታል፤ ግምቱ ሲደጋገም ይሰለቸውና ይተወዋል። አይዲኢ የሚባለው መሣሪያ መጻፊያውን፣ ማስኬጃውንና ስሕተት መፈለጊያውን (ዲበገሩን) በአንድ መስኮት ያኖራል። ከሦስቱ ለተማሪ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው፤ አብዛኛው ተማሪ ግን ያቺን ቁልፍ ሳይነካ ሴሚስተሩ ያልቃል። ይህ መመሪያ ትኩረቱን እዚያ ላይ ያደርጋል።

የምንጠቀመው አይዲኢ ቶኒ ይባላል። ኢስቶኒያ ውስጥ በታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች ተብሎ የተሠራ፣ ነፃና ክፍት ምንጭ የሆነ የፓይተን አይዲኢ ነው። ሌላው የታወቀ አይዲኢ ቪዥዋል ስቱዲዮ ሲጫን በጊጋባይት የሚቆጠር ቦታ ይወስዳል፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ደግሞ ፓይተንን ለብቻ መጫንና ኤክስቴንሽን መጨመር ይጠይቃል። ቶኒ ፓይተኑን ይዞ ይመጣል፣ ለማውረድም ወደ 20 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዳታ ውድ በሆነበትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማውረድና መጫን

የገጹ አድራሻ «ቲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤን፣ ዋይ» ነጥብ ኦርግ ነው። ለቶኒ 4.1 የዊንዶውስ ማውረጃዎቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ የተሳሳተውን መውሰድ የተለመደ ስለሆነ ከማውረድዎ በፊት «ዚስ ፒሲ» ላይ ቀኙን ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ የዊንዶውስዎን ዓይነት ይመልከቱ።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለ 64 ቢት ከሆነ ፓይተን 3.10 ያለበትን ይውሰዱ። ዊንዶውስ 7 ላይ ላለ አሮጌ ማሽን ባለ 32 ቢት ፓይተን 3.8 ያለበት አለ። በራስዎ ኮምፒውተር ሳይሆን በትምህርት ቤት ላብ ወይም በኢንተርኔት ቤት የሚማሩ ከሆነ «ፖርተብል» የሚለውን ይምረጡ፤ እሱ አይጫንም፣ ፍላሽ ላይ ፈትተው ከዚያው ይከፍቱታል። ፈቃዱ ማባዛትን ስለማይከለክል አንድ ሰው ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርዶ ለክፍል ጓደኞቹ በፍላሽ ቢያዳርስ ሁሉም ዳታ ይቆጥባሉ።

ሲጭኑ «ለእኔ ብቻ» የሚለውን አማራጭ ከመረጡ የአድሚን ፓስወርድ አይጠየቁም። መጀመሪያ ሲከፈት ቋንቋ ይጠይቃል፤ ከታች የምንጠራቸው የሜኑ ስሞች የእንግሊዝኛው ስለሆኑ እንግሊዝኛን ይምረጡ። «ኢኒሻል ሴቲንግስ» ላይ «ስታንዳርድ» ይሁን፤ ሌላው ምርጫ ራዝበሪ ፓይ ለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ነው።

መስኮቱ ሲከፈት ላይኛው ክፍል መጻፊያው ነው፣ ታችኛው «ሼል» ይባላል፤ ውጤቱና ኢረሩ (የስሕተት መልእክቱ) የሚወጣው እዚያ ነው። አሁኑኑ አንድ ነገር ያድርጉ፦ «ቪው» ሜኑ ውስጥ ገብተው «ቫሪያብልስ» የሚለውን ይምረጡ። በቀኝ በኩል እያንዳንዱን ስምና በውስጡ ያለውን ዋጋ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይከፈታል። ይህ ሠንጠረዥ ተዘግቶ እያለ ቶኒን መጠቀም ግማሽ ጥቅሙን መጣል ነው።

ፊደል፣ ኪቦርድና ሥርዓተ ነጥብ

ፓይተን ለቫሪያብል (ዋጋ ለሚያዝበት ስም) የግዕዝ ፊደል ስም ይቀበላል። ስለዚህ «ዋጋ»፣ «ኪሎ»፣ «ድምር» ብለው መሰየም ይችላሉ፤ ለጀማሪ በጣም እንመክረዋለን፣ ምክንያቱም የቋንቋው ቃል የትኛው እንደሆነና እርስዎ ያወጡት ስም የትኛው እንደሆነ በዓይን ይለያል። በሁለት ቃል የሚጠራ ስም ከሆነ መሐሉን በታች ሰረዝ ያያይዙት፦ የቡና_ዋጋ። በአፋን ኦሮሞ ለሚሰይም ደግሞ ቁቤ ላቲን ስለሆነ ኪቦርድ መቀያየር የለበትም፤ ሁዻ (') ያለበትን ቃል ግን ይተው፣ ምልክቷን ፓይተን እንደ ጥቅስ መክፈቻ ይቆጥራታል።

የቋንቋው ቃላት ግን የግድ በላቲን ትንንሽ ፊደል መተየብ አለባቸው። በዚህ ጽሑፍ እንደሚነገሩት ጽፈናቸዋል፤ ሲተይቡ እንዲህ ያድርጓቸው፦

ፕሪንት — ፒ፣ አር፣ አይ፣ ኤን፣ ቲ (ሼሉ ላይ ያሳያል)
ኢንፑት — አይ፣ ኤን፣ ፒ፣ ዩ፣ ቲ (ጠይቆ መልሱን ይቀበላል)
ፍሎት — ኤፍ፣ ኤል፣ ኦ፣ ኤ፣ ቲ (ጽሑፍን ነጥብ ሊኖረው ወደሚችል ቁጥር ይለውጣል)
ኢንት — አይ፣ ኤን፣ ቲ (ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር ይለውጣል)
ራውንድ — አር፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤን፣ ዲ (ያጠጋጋል)
ኢፍ — አይ፣ ኤፍ (እንዲህ ከሆነ)
ዋይል — ደብልዩ፣ ኤች፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ (እንዲህ እስከሆነ ድረስ ድገም)

በዊንዶውስ 10ና 11 ኪቦርዱን ለመቀያየር የዊንዶውስ ቁልፉን ይዘው ስፔስ ይጫኑ። አማርኛው ኪቦርድ ቶኒ ውስጥ በትክክል አልጽፍ ካለ ስሙን ኖትፓድ ላይ ጽፈው ይለጥፉት። ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ ከሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ተለጥፎም አይሠራም፤ ዓይን ፊደል ቢያይም ውስጡ ሌላ ኮድ ነው።

አማርኛ የሚጽፍን ሰው በተደጋጋሚ የሚጥሉት አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ሥርዓተ ነጥብ ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ኮማ ለመጻፍ ሲሞክሩ ነጠላ ሰረዝ ይወጣል። ለዓይን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ፓይተን 3.10 ግን «ሲንታክስ ኢረር» ብሎ ልክ ያልሆነ ፊደል እንዳገኘ ይነግርዎትና በቅንፍ ዩ+1363 ብሎ ይጽፋል። ይህ ቁጥር የ«፣» ነው። ዩ+1361 ሁለት ነጥብ «፡» ሲሆን ዩ+1362 አራት ነጥብ «።» ነው። ከ1361 እስከ 1366 ያለ ቁጥር ካዩ መፍትሔው አንድ ነው፦ ምልክቱን አጥፍተው በእንግሊዝኛ ኪቦርድ መልሰው መጻፍ። ከወርድ የተገለበጠ ኮድም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፤ ወርድ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ያጣምመዋል፣ ፓይተንም የተጣመመውን አያውቀውም።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። ለእኛ «ሰዓት»፣ «ሠዓት» እና «ሰአት» አንድ ቃል ናቸው። ለፓይተን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንዱን ሰይመው ሌላውን ከጠሩ «ኔም ኢረር» ይመጣል፣ ስሙ አልታወቀም ይላል። ሰው ደግሞ መስመሩን አሥር ጊዜ አንብቦ ልክ ነው ይላል፤ ሲያነብ ድምፁን እንጂ ፊደሉን አያይምና። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ፤ አ፣ ዐ ያለበትን ስም ከቻሉ አይጠቀሙ፤ ከተጠቀሙም ሁለተኛ ጊዜ ከመተየብ ይልቅ ገልብጠው ይለጥፉ።

ሦስተኛው የግዕዝ ቁጥር ነው። ፲፰ ብሎ ማስገባት አይሠራም፤ 18 ይጻፉ።

አራተኛው የፋይል ስም ነው። ፋይሉን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ይሰይሙት። «ራንደም» ወይም «ተርትል» ብለው ግን አይሰይሙት፤ እነዚህ ከፓይተን ጋር የሚመጡ ሞጁሎች (ዝግጁ የኮድ ፋይሎች) ስሞች ናቸው፣ በኋላ ሞጁሉን ሲጠሩ ፓይተን የእርስዎን ፋይል ይከፍትልዎታል።

የመጀመሪያው ፕሮግራም፦ የቡና ሂሳብ

ጅማ ላይ ቡና የሚሸጥና የሚገዛ ሁሉ የሚያውቀው ሂሳብ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ዋጋው በፈረሱላ ይነገራል፣ ሚዛኑ ግን በኪሎ ያነባል። መጻፊያው ላይ ይህን ይተይቡ፦

ኪሎ = ፍሎት(ኢንፑት("ስንት ኪሎ ነው? "))
ዋጋ = ፍሎት(ኢንፑት("የፈረሱላ ዋጋ በብር? "))
ፈረሱላ = ኪሎ / 17
ጠቅላላ = ፈረሱላ * ዋጋ
ፕሪንት("ክፍያ:", ጠቅላላ, "ብር")

ኤፍ5 ይጫኑ። ፋይሉ ገና ስላልተሰየመ ስም ይጠይቃል። ከዚያ ታች ሼሉ ላይ ይጠይቅዎታል፤ ሼሉን ክሊክ አድርገው 85 ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ፣ ቀጥሎ 5000። (5000 ለሂሳቡ እንዲመች የተወሰደ ነው፣ የገበያ ዋጋ አይደለም።) መልሱ 25000.0 መሆን አለበት፤ 85 ኪሎ ልክ 5 ፈረሱላ ነውና። የመጀመሪያ ሙከራዎ ሁልጊዜ መልሱን በቃልዎ የሚያውቁት ቁጥር ይሁን። ቁጥሩን ዝም ብሎ ከሰጡት ልክ ይሁን አይሁን በምን ያውቃሉ?

አሁን 100 ኪሎ ይስጡት። 29411.76 ብሎ ከኋላው ረጅም የቁጥር ሰልፍ ያስከትላል። የመጨረሻውን መስመር ፕሪንት("ክፍያ:", ራውንድ(ጠቅላላ, 2), "ብር") ያድርጉት፤ እስከ ሳንቲም ያጠጋጋል።

ቀጥሎ ሆን ብለው ያበላሹት። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ኢረሮቹን በሰላም ጊዜ የተዋወቀ ሰው በፈተና ቀን አይደነግጥም።

ከመጀመሪያው መስመር ፍሎት እና አንዱን ጥንድ ቅንፍ ያውጡ። ራን አድርገው 85 እና 5000 ሲሰጡት «ታይፕ ኢረር» ይመጣል። ኢንፑት የሚያመጣው ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ለ17 አይካፈልም። ወደ ቫሪያብልስ ሠንጠረዥ ቢያዩ ኪሎ በጥቅስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጥቅሱ ጽሑፍ መሆኑን ይናገራል። ከዚህ የከፋው ኢረር የማያመጣው ነው፦ ያንኑ ጽሑፍ በ2 ቢያባዙት 170 ሳይሆን 8585 ይወጣል፤ ፓይተን ጽሑፍን ማባዛት መድገም ነው ብሎ ይረዳዋል።

ፍሎትንና ቅንፉን ወደ ቦታቸው ይመልሱና ዋጋው ሲጠየቅ 5,000 ብለው በኮማ ያስገቡ። «ቫልዩ ኢረር» ይላል። ብር በኮማ መጻፍ ልማድ ስለሆነ ይህን ስሕተት ፕሮግራሙን የሚጠቀምበት ሰው ይሠራዋል፤ በጥያቄው ጽሑፍ ውስጥ «ያለ ኮማ» ብለው ይጨምሩበት።

አንድ ቅንፍ ሳይዘጉ ይተዉ። ፓይተን 3.10 ያልተዘጋውን ቅንፍ በቀጥታ ይጠቁማል፤ በ3.8 ግን ጥፋቱን ቀጥሎ ካለው መስመር ላይ ሊያላክክ ይችላል። ስለዚህ የተጠቆመው መስመር ንጹሕ ከሆነ ከእሱ በላይ ያለውን ይመርምሩ።

ኢረር የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። የመጨረሻው መስመር ዓይነቱን ይነግራል፣ ከሱ በላይ ያለው የመስመር ቁጥሩን። ቶኒ ውስጥ ቁጥሩን ክሊክ ቢያደርጉ ወደ መስመሩ ይወስድዎታል።

ዲበግ፦ ሰዓት ስንት ነው?

ይህ ክፍል የመመሪያው እምብርት ነው፤ ቀስ ብለው ይሂዱበት። የስልኩን የፈረንጅ ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ፕሮግራም እንጻፍ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፣ ቆጠራው ደግሞ በ12 ይዞራል። % የሚለው ምልክት ከማካፈል በኋላ የሚተርፈውን ይሰጣል፦

የፈረንጅ = ኢንት(ኢንፑት("ከ0 እስከ 23: "))
የእኛ = (የፈረንጅ - 6) % 12
ፕሪንት("በእኛ:", የእኛ)

15 ሲሰጡት 9 ይላል፤ ልክ ነው። 7 ሲሰጡት 1 ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ይዘጋል። 18 ይስጡት፦ 0 ይላል። ከምሽቱ 0 ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

አሁን በኤፍ5 ፋንታ ኮንትሮልን ይዘው ኤፍ5 ይጫኑ። ፕሮግራሙ አይሮጥም፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀለም ተቀብቶ ይቆማል። ኤፍ6 መስመሩን በአንዴ ሠርቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ኤፍ7 ወደ መስመሩ ውስጥ ይገባል። ኤፍ8 ቀሪውን ሳያቆም ይጨርሳል። የመጀመሪያውን መስመር በኤፍ6 ይለፉትና 18 ያስገቡ። ሁለተኛው መስመር ላይ ኤፍ7ን ደጋግመው ይጫኑ። «የፈረንጅ» የሚለው ስም ወደ 18 ሲቀየር ያያሉ፤ ቀጥሎ 18 - 6 ወደ 12፣ ቀጥሎ 12 % 12 ወደ 0። ስሕተቱ ያለው እዚያ ነው፦ 12 ለ12 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚጽፈውን ማሽኑ ራሱ በእርስዎ ቁጥር እየሠራ ያሳይዎታል።

ከሁለተኛው መስመር በታች ይህን ይጨምሩ፦

ኢፍ የእኛ == 0:
    የእኛ = 12

መጨረሻው ላይ ያለችውን ሁለት ነጥብ አይርሱ፤ የእንግሊዝኛዋ መሆን አለባት። ከሷ በኋላ ኢንተር ሲጫኑ ቶኒ ራሱ አራት ስፔስ ያስገባልዎታል። ያንን ገባ ያለ ቦታ ካጠፉት «ኢንደንቴሽን ኢረር» ይመጣል። ፕሪንት ያለበት መስመር ግን ወደ ግራ ጠርዝ መመለስ አለበት። ከኢፉ ሥር ገብቶ ከቀረ ኢረር አያሳይም፤ መልሱ የሚወጣው ግን በ6 እና በ18 ብቻ ነው፣ በሌላው ሰዓት ዝም ይላል። አንድ = ማስቀመጥ ነው፣ ሁለት == መጠየቅ ነው፤ ኢፍ ላይ አንዱን ብቻ ካስቀመጡ ፓይተን አይቀበልም።

ከዚያ በእነዚህ ስድስት ቁጥሮች ይፈትኑት፦ 0 ሲሰጡ 6፣ 6 ሲሰጡ 12፣ 7 ሲሰጡ 1፣ 12 ሲሰጡ 6፣ 18 ሲሰጡ 12፣ 23 ሲሰጡ 5። የተመረጡት በዘፈቀደ አይደለም፤ ስሕተት የሚደበቀው መጀመሪያው፣ መጨረሻውና መዞሪያው ላይ ነው።

ዙር፣ እና የማያቆም ዙር

ብዙ ኬሻ እየተመዘነ ሲገባ ድምሩን ለመያዝ፦

ድምር = 0
ኪሎ = ፍሎት(ኢንፑት("ኪሎ (ለመጨረስ 0): "))
ዋይል ኪሎ > 0:
    ድምር = ድምር + ኪሎ
    ኪሎ = ፍሎት(ኢንፑት("ኪሎ (ለመጨረስ 0): "))
ፕሪንት("ፈረሱላ:", ድምር / 17)

51፣ 34፣ 68፣ ከዚያ 0 ያስገቡ፤ 153 ኪሎ ስለሆነ መልሱ 9.0 ነው። አሁን አምስተኛውን መስመር አጥፍተው ራን ያድርጉት። 51 ካስገቡ በኋላ ዝም ይላል፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ ይጮሃል። ኪሎ ሁልጊዜ 51 ስለሆነ ከዜሮ መብለጡ አያቆምም። ሼሉ ላይ ሆነው ኮንትሮል ሲ ይጫኑ፤ እምቢ ካለ ቀዩን «ስቶፕ» ቁልፍ ይጫኑ፤ ኮምፒውተሩን ማጥፋት አያስፈልግም። ያንኑ በኮንትሮል ኤፍ5 ከፍተው በኤፍ6 ይራመዱ፦ ድምር 51፣ 102፣ 153 እያለ ሲያድግ ኪሎ ከቦታው አለመነቃነቁን ሠንጠረዡ ላይ ያያሉ።

ሥራ እንዳይጠፋ

ጅማ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ዝናቡ ከመብረቅ ጋር ይመጣል፣ መብራትም ሳይነግር ይሄዳል። ኤፍ5 በተጫነ ቁጥር ቶኒ ስም ያለውን ፋይል ሴቭ ያደርጋል፤ በየመሐሉ ግን በየአምስት መስመሩ ኮንትሮል ኤስ ይልመድብዎት። ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ከሌለ ረጅም ኮድ ሳያስኬዱ አያከማቹ። መብረቅ ሲጀምር ቻርጀሩንና የኔትወርክ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል።

ፍላሽ ብቸኛ ማስቀመጫ አይሁን። የጋራ ኮምፒውተር ላይ የሚዞር ፍላሽ ፎልደሮችን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ይይዘዋል። የፕሮግራም ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ በቀኑ መጨረሻ ቴሌግራም ላይ ለራስዎ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ቢልኩት ዳታ አይበላም።

ኮርሱ ሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ

ኮድብሎክስ የሚባለውን የሲ ፕላስ ፕላስ አይዲኢ ለሚጠቀም ሦስት ነገር ብቻ እንጨምር። ሲያወርዱ ከስሙ ውስጥ «ሚንጂደብልዩ» ያለበትን ይውሰዱ፤ ሌላው ኮምፓይለር (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው የሚለውጠው) ስለሌለው ኮድዎ ቢስተካከልም አይሠራም። ነጠላ ፋይል ራን ይደረጋል እንጂ ዲበግ አይደረግም፣ ስለዚህ መጀመሪያ «ፕሮጀክት» ይክፈቱ። የፕሮጀክቱ ፎልደር መንገድ ውስጥ ክፍት ቦታ ወይም የአማርኛ ፊደል ካለ ዲበገሩ በፈለጉት መስመር ላይ ላይቆም ይችላል፤ አጭር የላቲን ስም ያለው ፎልደር ሲ ድራይቭ ላይ ይፍጠሩ። የቫሪያብል ስሞችንም እዚያ በላቲን ይጻፉ።

የሰዓቱን ፕሮግራም ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ሲያዛውሩት 0 ቢሰጡት 6 አይልም፣ -6 ይላል። ፓይተን ከ% የሚያወጣው ቀሪ የአካፋዩን ምልክት ይይዛል፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ የተካፋዩን። 6 መቀነሱን ትተው 6 ይደምሩ፤ በ12 ዙር ላይ ሁለቱ አንድ ቦታ ያደርሳሉ፣ ከዜሮ በታችም አይወርድም። ከዚያ እነዚያኑ ስድስት ቁጥሮች እንደገና ይስጡት።